አዲሱን ሞኒተር ከመግዛትሽ በፊት ሽቦሽን እዪ

አንዲት አንባቢ የላከችው ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል። «በካኖን 5ዲ ማርክ 4 ቃለ መጠይቅ እቀርጻለሁ። ኬጁ (ካሜራውን የሚያቅፈው የብረት ፍሬም) ላይ ባለ 5 ኢንች ሞኒተር አለኝ። ካሜራውንም ሞኒተሩንም የሚያሠራው አንድ ትልቅ ኤንፒ-ኤፍ970 ባትሪ ነው። ለካሜራው ደሚ ባትሪ (በባትሪው ቦታ ገብቶ ከውጭ ባትሪ በገመድ ኃይል የሚያደርስ) እጠቀማለሁ። 25 ደቂቃ ገደማ ደህና ይሠራል፤ ከዚያ ካሜራው ድርግም ብሎ ይጠፋል። ባትሪው ላይ ካሉት 4 መብራቶች 3ቱ ገና እየበሩ ነው። መልሼ ሳበራው ቶሎ ይጠፋል፤ አንዳንዴ ፎከስ ለመያዝ ስጫን ወዲያው። ገመዱ ሲነካ ሞኒተሩ ብልጭ ድርግም ይላል። በራሱ ባትሪ ብቻ ስቀርጽ ግን ምንም አይለውም። አዲስ ባለ 7 ኢንች ሞኒተር ሪኮርደር (ምስሉን ራሱም የሚቀርጽ ሞኒተር) እስኪወጣ እየጠበቅኩ ነው። እሱን ብገዛ እገላገላለሁ ወይስ ካሜራዬ ነው የታመመው? የገመዱን ፎቶ አያይዣለሁ።»

እህቴ፣ ካሜራሽ አልታመመም። ሳልነካው እንዲህ የምለው መልሱን ራስሽ ስለጻፍሽው ነው። በራሱ ባትሪ ምንም አይለውም ብለሻል። ቦርዱ ተበላሽቶ ቢሆን ባትሪ አይመርጥም ነበር። ሙቀትም አይመስለኝም፤ ይህ ካሜራ ሲግል ስክሪኑ ላይ የሙቀት ምልክት ያወጣል፣ አንቺ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አልጻፍሽም። የ29 ደቂቃ ከ59 ሰከንዱ ገደብም አይደለም። እሱ ቀረጻውን ያቆማል እንጂ ካሜራውን አያጠፋም። ፎከስ ሲያዝ የሚሞት ካሜራ፣ ገመድ ሲነካ የሚርገበገብ ሞኒተር፣ ባትሪ ሳያልቅ የሚመጣ ጨለማ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡልኝ መጀመሪያ የማየው ሽቦውን ነው።

ፎቶው ደግሞ ጥርጣሬዬን አጠነከረው። ከባትሪ ማስቀመጫው የሚነሳው ቀጭን ገመድ አንድ ሜትር ያህል ሄዶ፣ ካሜራው ጋ ሊደርስ ሲል አውራ ጣት የሚያህል የናስትሮ እብጠት አለው። የሞኒተሩ ገመድ እዚያ ላይ ተጠምዝዞ ተጣብቋል። ሶልደር የለውም። ናስትሮው ዳር ዳሩን ተልጦ የመዳብ ክሮች ወጥተው ይታያሉ። ይህን የሠራልሽ ሰው ሥራ ሠርቶ አልሄደም፤ ችግር ጠቅልሎ ሰጥቶሽ ነው የሄደው። የካሜራውን የባትሪ በር ጥግ በቢላ መቁረጡ ደግሞ አናደደኝ። በሩ አጠገብ ለዚሁ ገመድ ማሳለፊያ ተብላ የተሠራች ትንሽ የጎማ ክዳን አለች። በጥፍር ትከፈታለች፣ በቃ።

ምንም ከመንካትሽ በፊት አንድ ነገር ያዢልኝ። ኤችዲኤምአይ (ምስሉን ከካሜራው ወደ ሞኒተሩ የሚወስደው ገመድ) መጨረሻ ይሰካል፣ መጀመሪያ ይነቀላል። ሁልጊዜ። ካሜራና ሞኒተር ከአንድ ባትሪ ሲጠጡ የኤችዲኤምአይ ገመዱ ምስል ብቻ አይደለም የሚሸከመው። የውጭ መከለያው የሁለቱን ኔጌቲቭ ያገናኛል። የሞኒተሩ ኔጌቲቭ ሽቦ እዚያ እብጠት ውስጥ ለአፍታ ከለቀቀ፣ ሞኒተሩ የሚጠጣው ከረንት በሙሉ በኤችዲኤምአይ ገመዱ በኩል፣ በካሜራሽ ቦርድ አልፎ ነው የሚመለሰው። ያ መንገድ ለዚህ አልተሠራም። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው ዙሪያ እንደ ቡና የጠቆረ ካሜራ ጠረጴዛዬ ላይ መጥቶ ያውቃል። ባለቤቱ የሞኒተሩን ኃይል እየነቀለ መልሶ ይሰካ ነበር፣ ኤችዲኤምአዩ እንደተሰካ። አንቺ ሞኒተሩ ብልጭ ሲል እያየሽ መቅረጽሽን እስካሁን ቀዳዳው ችሎታል። ከዛሬ ጀምሮ፣ ኤችዲኤምአይ ተነቅሎ ከሚደረገው ከታች ካለው ልኬት በቀር፣ ያንን ገመድ አትጠቀሚበት።

አሁን ፍተሻ። ካሜራው ውስጥ የራሱን ኤልፒ-ኢ6ኤን ባትሪ ክተቺ፤ ሞኒተሩን ብቻ ከትልቁ ባትሪ አብሪው፣ በራሱ ገመድ እንጂ በተቀጠለው አይደለም። ኤችዲኤምአይ መጨረሻ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቅረጪ። ካልጠፋ ካሜራውም ሞኒተሩም ነፃ ናቸው።

ከዚያ መልቲሜትር አውጪ። ደሚ ባትሪውን ከካሜራው አውጥተሽ ኮንታክቶቹ ላይ ለኪ። ባትሪው ሙሉ ከሆነ 8.4 ቮልት አካባቢ ታያለሽ፤ «ደህና ነው» ትያለሽ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሥራ በሌለበት የተለካ ቮልት ምንም አይነግርሽም። ያንኑ ሽቦ ካሜራው እየቀረጸ፣ ሞኒተሩ በርቶ መለካት አለብሽ። ደሚ ባትሪው ውስጥ ከገባ በኋላ ኮንታክቱ ጋ መድረስ ስለማይቻል፣ ለካሜራው ቅርብ የሆነው ስፒና ላይ ለኪ። ይህ ፍተሻ ሲሠራ ኤችዲኤምአዩ ተነቅሎ ይቆይ፤ ሞኒተሩ ባዶ ስክሪን እያበራም ኃይሉን ይጠጣል።

ነገሩን ላብራራው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ፣ ብዙ ሰው ካሜራ የሚቀይረው ይህን ስለማያውቅ ነው። ኤልፒ-ኢ6ኤን 7.2 ቮልት ይባላል። ውስጡ ሁለት የሊቲየም ሴሎች ተከታትለው ተያይዘዋል። ሲሞላ 8.4 ነው፤ እያለቀ ሲሄድ ወደ 6 ይወርዳል። በደሚ ባትሪ ሲሠራ ታዲያ ካሜራው ባትሪው ማለቁን የሚያውቀው በሌላ ነገር አይደለም፤ በሩ ላይ የሚደርሰውን ቮልት አይቶ ነው። ዝቅ ካለ «ባትሪዬ አልቋል» ብሎ ራሱን ያጠፋል። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ይሁን ባዶ አያውቅም። እሱ የሚያየው ሽቦው ተሻግሮ የደረሰለትን ብቻ ነው።

ሽቦ ደግሞ ቀረጥ ያስከፍላል። የሚያስከፍለው ግን ከረንት ሲያልፍበት ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሥራ ሳይኖር ስትለኪው ሙሉ 8.4 ያሳየሽ። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ከረንቱን በሽቦው ሬዚስታንስ (ከረንትን የመገደብ ባሕርዩ፣ በኦም የሚለካ) ማባዛት። የአንቺ ካሜራ በሙሉ ባትሪ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቪዲዮ ይቀርጻል። ከዚህ ተነስተሽ ስታሰዪው 1.2 አምፒር ገደማ ይጠጣል። ባለ 5 ኢንቹ ሞኒተር ደግሞ 1.3 ያህል እንበል። ሁለቱም በአንድ ሽቦ ሲመጡ 2.5 አምፒር። በፎቶው ላይ ያየሁት ዓይነት ቀጭን ገመድ የመዳቡ ውፍረት 0.08 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ መዳብ በሜትር 0.21 ኦም ያህል አለው። ገመዱ አንድ ሜትር ነው፤ ከረንቱ ግን ሄዶ ይመለሳል፣ ስለዚህ የሚቆጠረው ሁለት ሜትር ነው። 0.42 ኦም ሆነ። በ2.5 ስታባዢው ከ1 ቮልት በላይ ሽቦው ላይ ብቻ ቀረ። የተጠማዘዘው መገጣጠሚያ የሚበላውን ገና አልቆጠርኩም።

አሁን ጥያቄሽን መልሰሽ አንብቢው። ባትሪው ሙሉ ሲሆን 8.4 ነው፤ ካሜራው ጋ 7.3 ይደርሳል፣ ይሠራል። 25 ደቂቃ ሲያልፍ ባትሪው ትንሽ ይወርዳል። 7.5 ቢሆን ካሜራው ጋ የሚደርሰው 6.4 ነው። ባትሪው ግን ገና ግማሹን እንኳ አልተነካም፣ ስለዚህ 3 መብራት ይበራል። ፎከስ ስትጫኚ የሌንሱ ሞተር ድንገት ተጨማሪ ከረንት ይጠይቃል፤ ቮልቱ የበለጠ ያጎነብሳል፤ ጨለማ። ሁሉም ገጠመ። በመቶኛ የሚያሳየውን የካሜራውን የባትሪ ምልክት አትመኚው፤ ደሚ ባትሪ ውስጥ ያንን የሚናገር ቺፕ አብዛኛውን ጊዜ የለም።

ወደ ጥገናው። ያንን ገመድ ከነእብጠቱ ቆርጠሽ ጣዪው። አትቀጥዪው። ለካሜራው አንድ፣ ለሞኒተሩ አንድ፣ ሁለት የተለያዩ ገመዶች ከባትሪ ማስቀመጫው በቀጥታ ይውጡ። ውፍረታቸው 0.5 ካሬ ሚሊሜትር፣ ርዝመታቸው ለኬጁ የሚበቃ ብቻ፤ 40 ሳንቲሜትር አይበቃም? በዚህ ልክ የሚባክነው ከ0.05 ቮልት በታች ነው። መገጣጠሚያው በሶልደር ይበየድ፣ በሙቀት የሚኮማተር ሽሪንክ ቱቦ ይልበስ። ናስትሮ ከሙቀት ጋር ሙጫው ይለቃል፣ ለዚህ አይሆንም። ፖዘቲቩ ላይ፣ ባትሪው አጠገብ፣ ባለ 3 አምፒር ፊውዝ አስገቢ።

ሽቦ ስትገዢ ጫፉን በምላጭ ፋቂው። ከቀዩ ሥር ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ከመዳብ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ሬዚስታንስ አለው፤ ሁለት ሦስቴ ከታጠፈ ይሰበራል፤ ሶልደርም እሺ አይልም። ማግኔት ከያዘው ደግሞ ብረት ነው፣ ጭራሽ አትንኪው። የዛሬው ፎርጅድ ገመድ ላዩ ወፍራም ፕላስቲክ፣ ውስጡ ግን ፀጉር ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ።

ስፒናውንም እዪው። ክቡ የኃይል ስፒና ከውጭ 5.5 ሚሊሜትር ነው፤ መሃሉ ግን 2.1ም 2.5ም አለ። ባለ 2.5ቱ በ2.1ዱ ላይ ይገባል፣ የገባ ይመስላል፣ ግን ይወላወላል። ሲወዘወዝ ኃይል ይቋረጣል። ስፒናሽ ሲነካ የሚርገበገብ ከሆነ ወይም ፕላስቲኩ ቡኒ ካለ ይኸው ነው። ተመሳሳይ ልክ አድርጊለት።

አዲሱን ገመድ ካሜራው ውስጥ ከመክተትሽ በፊት ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን በመልቲሜትር አረጋግጪ። ደሚ ባትሪው ኮንታክት ላይ የራሱ ባትሪ ላይ ካለው ምልክት ጋር አንድ መሆን አለበት። ከተገለበጠ ካሜራው ለሁለተኛ ጊዜ ዕድል አይሰጥሽም።

ስለምትጠብቂው አዲስ ሞኒተር ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆንብሽ። አሁን ባለው ሽቦ ብትሰኪው ነገሩ ይብሳል። ባለ 7 ኢንች፣ ፀሐይ ላይ የሚታይ ደማቅ ሞኒተር 20 ዋት እና ከዚያ በላይ ሊጠጣ ይችላል፤ የአሁኑ እጥፍ ማለት ነው። በዚያ ላይ 5ዲ ማርክ 4 በኤችዲኤምአይ የሚያወጣው ፉል ኤችዲ ብቻ ነው። 4ኬ የሚቀርጸው ካርዱ ላይ ነው። ሪኮርደሩ ሣጥን ላይ 4ኬ ስለተጻፈ ካሜራሽ 4ኬ አይልክለትም። የሚጠቅምሽ ከ29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ በላይ ሳይቋረጥ ለመቅረጽ ነው። ለቃለ መጠይቅ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለዚያ ከሆነ ግዢው። ለ4ኬ ከሆነ ተዪው።

እኔ ብሆን ቀድሜ የምገዛው ሌላ ነው። ፒዲ የሚባለውን አሠራር የሚያውቅ የዩኤስቢ-ሲ ደሚ ባትሪ። ከፓወር ባንኩ 9 ቮልት ይጠይቃል፣ ከዚያ ራሱ ወደ 8 ገደማ ያወርደዋል። ባትሪው እያለቀ ሲሄድም ካሜራው ጋ የሚደርሰው አይለዋወጥም። በተራው ዩኤስቢ ከ5 ቮልት ወደ ላይ የሚያነሱትን አትግዢ። 5 ቮልት በ2 አምፒር 10 ዋት ነው፤ ማንሳቱ ራሱ ይበላል፤ ካሜራሽ 9 ያህል ይፈልጋል። ሌንሱ ሲንቀሳቀስ ይወድቃል። ሁለተኛው ኬጁ ላይ የሚታሰር የኤችዲኤምአይ ገመድ መያዣ ነው። የካሜራሽ ቀዳዳ ትንሹ ዓይነት ነው፤ ገመዱ ሲጎተት ቦርዱ ላይ ያለው ብየዳ ይሰነጠቃል። በሁለት ብሎን የሚያዝ ቁራጭ ብረት ነው፣ ከዚህ ሁሉ ያድንሻል።

ለትልቁ ሞኒተር ብለሽ ወደ ቪ-ማውንት (ትልቁ የቪዲዮ ባትሪ ዓይነት) ከተሻገርሽ ደግሞ፣ ከዲ-ታፑ (የባትሪው የኃይል መውጫ ቀዳዳ) የሚወጣው 14.4 ቮልት ነው፤ ሲሞላ 16.8 ይደርሳል። መሃሉ ላይ ቮልት ማውረጃ የሌለው ደሚ ባትሪ እዚያ ላይ ከሰካሽ ካሜራው ያንኑ ቀን ነው የሚሞተው። ርካሽ የዲ-ታፕ ስፒና ደግሞ ተገልብጦ በግድ የሚገባ አለ። መጀመሪያ ለኪ፣ ከዚያ ስኪ። እዚህም ያው ነው፤ ኃይሉ ሁሉ ከተሰካ በኋላ ኤችዲኤምአይ መጨረሻ፣ ሲነቀል ኤችዲኤምአይ መጀመሪያ።

ካሜራው ሲጠፋ የነበረው ክሊፕ አልከፈትም ብሎሽ ከሆነ ካርዱን ፎርማት አታድርጊ፣ ምንም አትቅረጪበት። ካሜራው ፋይሉን ሳይዘጋው ስለሞተ ነው እንጂ ምስሉ አብዛኛው እዚያው አለ። ወደ ኮምፒውተር ቅጂው። በዚያው ካሜራ፣ በዚያው የቀረጻ ምርጫ የተቀረጸ ጤነኛ ክሊፕ አጠገቡ አድርጊ። የተሰበረ ቪዲዮ የሚጠግኑ ፕሮግራሞች ጤነኛውን እንደ ናሙና ወስደው ነው ሌላውን የሚያስነሱት።