አረቄ ያለበት መድኃኒት

እህቴ፣ እናትሽ ለአሜባ ሜትሮኒዳዞል ታዞላቸው፣ በአረቄ የተዘፈዘፈ ነጭ ሽንኩርትም አብረው ይጠጡ እንደሆነ ጠይቀሻል። አይጠጡ። ነጭ ሽንኩርቱን ወጥ ላይ ቢበሉት ምንም አይደል። ጣጣው አረቄው ነው።

ደብረ ብርሃን መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ሰው ስለ ቅጠሉ ይጠይቀኛል፤ በምን እንደተበጠበጠ ግን ማንም አያነሳልኝም። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው።

ሜትሮኒዳዞል ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ፊት ሊቀላ፣ ልብ ሊመታ፣ ራስ ሊፈልጥ፣ ሊያስመልስም ይችላል። ሁሉም ሰው ላይ አይደርስም፤ ቢሆንም በእናት አይሞከርም። የሜትሮኒዳዞል ዘመድ የሆነው ቲኒዳዞልም ያው ነው። አንድ የመንዝ አባት መጠጥ ይጠጡ እንደሆነ ስጠይቃቸው "ኧረ እኔ! በጭራሽ!" አሉኝ። ከጋቢያቸው ሥር የሃይላንድ ጠርሙስ ብቅ ብሏል፤ ታች የነጭ ሽንኩርት ፍንካች ተከማችቷል፣ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። "ይሄስ አባቴ?" "ይሄማ መድኃኒት ነው!" አሁን አረቄ፣ ጠላ፣ ጠጅ እያልኩ በስም እየጠራሁ ነው የምጠይቀው። እናትሽ የመጨረሻውን ኪኒን ከዋጡ በኋላም 3 ቀን ይታገሱ።

ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ) ለሚወስድ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ምች መታኝ ብሎ ዳማ ከሴ ጨምቆ በቡና ይጠጣል። ሲፕሮ የቡናው ካፌይን ከሰውነት ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋል። ልብ ድው ድው ይላል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል፤ ከዚያ ዳማ ከሴው ይወቀሳል። ፌጦ በእርጎ የሚወስዱም አሉ። የእርጎና የወተት ካልሲየም ሲፕሮንና ቴትራሳይክሊን የሚባለውን ሌላ አንቲባዮቲክ አንጀት ውስጥ ይይዛቸዋል፣ ወደ ደም በደንብ አይገቡም። ሲፕሮ ከእርጎው 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ ይዋጥ።

ኮሶ ግን በምንም ይበጥበጥ ራሱ ኃይለኛ ነው። ክፉኛ ያስቀምጣል፣ ሲበዛ ዓይን ይጎዳል። ኪኒን እየዋጡ ኮሶ አይሞከርም። የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ሰውም መድኃኒቱ ጉበት ላይ ሊከብድ ስለሚችል ምንም ዓይነት ቅጠል ከመጠጣቱ በፊት ለሐኪሙ ይንገር።

እናትሽ አረቄውን ቀምሰውት ከሆነ ኪኒኑን በራሳቸው አያቋርጡ፤ ደውለሽ ላዘዘላቸው ባለሙያ ንገሪ። ትውከቱ አልቆም ካለ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ሳትውዪ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው፣ የአረቄውን ጠርሙስም ያዢ።