ስኳር እንዳለብኝ ስላልተናገርኩ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ማለት ይችላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር ማራኪ ነው፤ አራዳ ላይ የልብስ ሱቅ አለኝ። ባለፈው ዓመት ለራሴ የጤና ኢንሹራንስ ገባሁ። ፎርሙን የሞላው የኩባንያው ወኪል ነው፤ እኔ ፈረምኩ። «ሕመም አለብዎት?» ሲለኝ «ደህና ነኝ» አልኩት። ከዚያ በፊት ስኳር እንዳለብኝ ተነግሮኝ ኪኒን እወስድ ነበር። አልጋ ላይ ስላልጣለኝ ግን እንደ በሽታ አልቆጠርኩትም። አሁን እግሬ ቆስሎ ሆስፒታል ተኛሁ። ኩባንያው «ቀድሞ የነበረ ሕመም ነው፤ አንከፍልም» ብሎ በስልክ ነገረኝ። የከፈልኩት ገንዘብ ቀለጠ ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርዎት። ነገሩ ገና አላለቀም።

መጀመሪያ በስልክ የተባለውን እንደ መጨረሻ መልስ አይውሰዱት። ውሳኔውን በደብዳቤ ይጠይቁ፤ የትኛውን የውል አንቀጽ እንደሚጠቅሱም ይጻፉልዎት። «ቀድሞ የነበረ ሕመም» ሲሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ።

አንደኛው ውሉ ራሱ እንዲህ ያለውን ሕመም አይሸፍንም ማለት ነው። አንዳንዱ ውል ጨርሶ ያገልላል፤ አንዳንዱ ደግሞ የተወሰነ የመጠበቂያ ጊዜ ያስቀምጣል፤ ያ ጊዜ ሳያልፍ አይከፍልም። አንቀጹ ግልጽ ከሆነ፣ ሕመምዎን ተናግረው ቢሆን እንኳ ክርክሩ ይከብዳል። ያኔ የሚቀረው ጥያቄ ቁስሉ በእርግጥ ከስኳሩ የመጣ ነው ወይ የሚለው ነው። ይህን የሚመልሰው ሐኪምዎ ነው።

ሁለተኛው «ደብቀሻል» የሚለው ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢወጣም፣ የመድን ውልን የሚገዛው አሁንም የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው። በቁጥር 667 መሠረት መድን የሚገባ ሰው የሚያውቀውን፣ ኩባንያው አደጋውን ለመመዘን የሚያስፈልገውን ነገር በትክክል መናገር አለበት። «የሚያውቀውን» ይላል። ሳያውቀው በሽታ የነበረበት ሰው ደበቀ አይባልም። እርስዎ ግን ያውቁ ነበር፤ ስለዚህ «እንደ በሽታ አልቆጠርኩትም» የሚለው ብቻውን አያድንዎትም። ይህን ፊት ለፊት ብነግርዎት ይሻላል።

ሆኖም ቁጥር 668 ሆን ብሎ በደበቀና ሳያስብ ባልተናገረ ሰው መካከል ይለያል። ሆን ተብሎ ከተደበቀ ውሉ ይፈርሳል፤ የከፈሉትም አረቦን (ለመድኑ የሚከፈለው ገንዘብ) አይመለስልዎትም። ሆን ተብሎ ካልሆነ ግን ውሉ ይጸናል። ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ የሚቀነሰው ኩባንያው የሚከፍልዎት ገንዘብ ነው። ለምሳሌ 6,000 ብር አረቦን ከፍለው፣ ስኳሩ ቢታወቅ 8,000 ይጠየቁ ከነበረ፣ ክፍያው ወደ ሦስት አራተኛ ሊወርድ ይችላል። ዜሮ አይሆንም! ሆን ብለው እንደደበቁ ማስረዳትም የኩባንያው ሸክም ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2001 ውል ፈራሽ ነው የሚል ወገን ማስረዳት አለበትና።

የእርስዎ ትልቁ ጉዳይ ፎርሙ ላይ ነው። «ስኳር፣ ደም ግፊት» ብሎ በስም ይጠይቃል ወይስ በጥቅሉ? ወኪሉ አንብቦልዎታል? ፊርማዎ ያስጠይቅዎታል፤ ጥያቄው በቅጡ ካልቀረበልዎት ግን ሆን ብለው ለመደበቅዎ ማስረጃው ይሳሳል። ሲሞላ አጠገብዎ የነበረ ሰው ካለ ከአሁኑ ያነጋግሩት።

አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ። «ስኳሩ የታወቀው ኢንሹራንሱን ከገቡ በኋላ እንደሆነ አስመስለው ቀኑን ያስጽፉ» የሚል መካሪ አይጠፋም። በፍጹም እንዳያደርጉት። ዛሬ ያለዎትን መብት ያጠፋል፤ ሐሰተኛ ሰነድ ደግሞ ወንጀል ነው።

ጊዜውንም ያስቡበት። በንግድ ሕጉ ቁጥር 674 ከመድን ውል የሚነሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው ካለፈ መጠየቅ አይቻልም። ውሉ ላይ «ክርክር በግልግል ይታያል» የሚል ካለም ፍርድ ቤት ከመሄድዎ በፊት ይታይ።

ለወደፊቱ ደግሞ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን ቀበሌዎ ሄደው ይጠይቁ። በመደበኛ ቅጥር ላልሆኑ እንደ እርስዎ ላሉ ነጋዴዎች የቆመ ነው፤ አባልነቱ በቤተሰብ ነው፤ ስኳር አለብዎት ብሎም አይመልስዎትም። ምዝገባና እድሳቱ በወቅት ስለሆነ እንዳያመልጥዎ።

አሁን የፈረሙበትን ፎርም ቅጂ፣ ሙሉ ውሉን፣ የአረቦን ደረሰኞችንና የሕክምና ማስረጃዎን ሰብስበው፣ ከኩባንያው ደብዳቤ ጋር ለጠበቃ ያሳዩ።