ከብራዚላዊት ጓደኛዋ ጋር እንግሊዝኛ ለምትማረው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ላላነበቡት ባጭሩ ልድገመው። ቦስተን አካባቢ ነሽ። ከአንዲት ብራዚላዊት ጋር ቤት ተጋርታችሁ ትኖራላችሁ፤ የእንግሊዝኛ ክፍልም አብራችሁ ገብታችኋል። ክፍል ውስጥ ጽሑፍ ሲሰጣችሁ እሷ ቶሎ ይገባታል፤ አንቺ በየመስመሩ ቃል ስትፈልጊ ትቀሪያለሽ። ሥራ ቦታ ግን ሰዎቹ እርስ በርስ ሲያወሩ ሁለታችሁም ግራ ይገባችኋል። «እሷ በምን በለጠችኝ? የየቀኑን አነጋገርና ፈሊጡንስ እንዴት እንልመደው?» ነው ያልሽው።

እኔ ሆቴል ኪችን ውስጥ ከብራዚሎች ጋር ዓመታት ሠርቻለሁ። ማሳቹሴትስ እየኖሩ እነሱን አለማወቅ አይቻልም። ፍሬሚንግሃም ወይም ሰመርቪል ብትወጪ ዳቦ ቤቱም ፀጉር ቤቱም ፖርቱጋልኛ ነው። ስለዚህ የምነግርሽ ከዕቃ ማጠቢያው ጎን ቆሜ ያየሁትንና የሰማሁትን ነው።

መጀመሪያ ልብሽ ይረፍ፤ የጉብዝና ጉዳይ አይደለም። እንግሊዝኛ ላይና ታች አለው። በ1066 ኖርማኖች ከፈረንሳይ ተሻግረው እንግሊዝን ያዙ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን የቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ ቀሳውስቱና ሊቃውንቱ ደግሞ በላቲን ይጽፉ ነበር። የጋዜጣው፣ የቢሮውና የመማሪያ መጽሐፉ ቃል በብዛት ከዚያ የመጣ ነው። ፖርቱጋልኛ ደግሞ የላቲን ልጅ ነው። ጓደኛሽ «ኢንፎርሜሽን» የሚለውን ስታይ የራሷን «ኢንፎርማሳው» ነው የምታየው። «ሲቹዌሽን» ለእሷ «ሲቱዋሳው» ነው። ጭራውን ቀይራ ታልፋለች። አንቺ ግዕዝ ሳትማሪ ጸሎተ ሃይማኖት ላይ «ገባሬ ሰማያት ወምድር» ሲባል እንደሚገባሽ ማለት ነው። በዚህ በኩል በልጣሻለች፤ ምንም ማድረግ አይቻልም።

ኪችኑ፣ አውቶቡሱና ሳሎኑ ግን በዚህ አያወራም። እዚያ የሚሠራው አጫጭሩ ቃል ነው፤ ጌት፣ ፑት፣ ቴክ፣ ተርን። ከኋላቸው አፕ፣ ኦፍ፣ አውት፣ ዳውን ይለጠፋል። እዚህ ላይ ላቲኑ አያድናትም። እንዲያውም ይጎዳታል፤ ምክንያቱም ትልቁ ቃል ቀድሞ አፏ ላይ ይመጣል። አንዲት ብራዚላዊት ባልደረባዬ ሙቀቱ ሲበዛባት «አይ ካንት ቶለሬት ዚስ» ትል ነበር። ስህተት የለውም። ግን ሌላው ሰው ሁሉ «አይ ካንት ቴክ ኢት» ነው የሚለው። ቀጥሉ ለማለት እሷ «ኮንቲኒው»፣ እነሱ «ኪፕ ጎይንግ»። አንድ ነገር ስትደርስበት እሷ «አይ ዲስከቨርድ»፣ እነሱ «አይ ፋውንድ አውት»። ሼፉ «ዩር ኦነር» እያለ እንደ ዳኛ ይቀልድባት ነበር።

እኛስ? እኛም ያው ነን፤ በሌላ መንገድ እንሂድ እንጂ። አገር ቤት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው የተማርነው። ፎቶሲንተሲስን ዘርዝረን የምንጽፍ ሰዎች የቆሻሻ ማፈሻ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ሳናውቅ ነው ቦሌን የተሻገርነው። ማስተላለፍ ለማለት «ፖስትፖን» እናውቃለን፤ «ፑት ኦፍ» ሲሉን ግን የሆነ ነገር አንሱ ወይም አውልቁ ያሉን ይመስለናል። ስለዚህ አንቺና ጓደኛሽ ክፍል ውስጥ ብትራራቁም የእረፍት ክፍሉ ወንበር ላይ እኩል ናችሁ።

እንደውም እሷ አንቺ የሌለብሽ ወጥመድ አለባት። የሚመስሉ ግን ያልሆኑ ቃላት። የኪችናችን የኋላ በር ላይ «ፑሽ» ተጽፏል። አዲስ የገባ ልጅ በአንድ እጁ የቆሻሻ ከረጢት ይዞ በሌላው እጀታውን ይጎትታል። አይከፈትም። ከረጢቱን አስቀምጦ በሁለት እጁ ይጎትታል። በፖርቱጋልኛ «ፑሺ» ማለት «ሳብ» ነዋ! ከኋላው የቆመ አንድ ነባር ብራዚላዊ ምንም ሳይናገር በትከሻው ገፋለትና አለፈ። «ፕሪቴንድ»ም እንደዚሁ ነው። በእነሱ ቋንቋ «ፕሬቴንደር» ማሰብ፣ ማቀድ ነው። እዚህ ለረጅም ጊዜ መሥራት አስባለሁ ለማለት «አይ ፕሪቴንድ ቱ ወርክ ሂር» ብሎ ለአለቃው የሚናገር ሰው የምሠራ አስመስላለሁ እያለ ነው። ዘመዶቼ እሑድ ይመጣሉ ለማለት «ማይ ፓረንትስ» ካለችሽም አትደንግጪ፤ እንግሊዝኛው እናትና አባት ነው፣ «ፓሬንቺስ» ግን ለእነሱ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ነው።

ከዚህ ወጥመድ አንዷ ለእኛም ደርሳናለች። ጣልያን ትቶልን የሄደው «ፋብሪካ» የሚለው ቃል በፖርቱጋልኛም ፋብሪካ ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ፋብሪክ» ጨርቅ ነው። እዚያ ጋ አንቺም እሷም አብራችሁ ትወድቃላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። ቃል በቃል መተርጎሙን ተዪው። አውቶቡሱን ተመልከቺ። እኛ «አውቶቡሱ አመለጠኝ» እንላለን፤ አውቶቡሱ ነው ያመለጠው። ብራዚሉ «አውቶቡሱ ጠፋብኝ» ብሎ ዕቃ የጠፋበት ያስመስለዋል፤ ለዚህ ነው «አይ ሎስት ዘ በስ» ሲሉ የምትሰሚያቸው። እንግሊዝኛው «አይ ሚስድ ዘ በስ» ነው። ጉንፋንም እንዲሁ፤ እኛን ጉንፋን ይይዘናል፣ እነሱ ጉንፋኑን ይይዙታል። «ለምን?» ብለሽ ብትጠይቂ መልስ የለውም። ሙሉውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ አፍሽ ውስጥ አስገቢው።

ፈሊጥ ላይ ሲደርስ ይሄ ይብሳል። ብራዚሎች «ሹታር ኡ ባውጂ» የሚሉት አላቸው፤ ባልዲውን በእርግጫ መምታት። ምርር ብሎት ሁሉንም ነገር እርግፍ አድርጎ ለተወ ሰው ነው የሚሉት። አንድ ቀን ባልደረባዬ ተናዳ ሥራ ስለለቀቀች አስተናጋጅ ስታወራ «ሺ ኪክድ ዘ በኬት» አለች። በእንግሊዝኛ ይሄ ሞተች ማለት ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ አንዷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልጅቷ ደግሞ በዚያው ሳምንት ደመወዟን ልትወስድ ብቅ አለች። አንቺም «ሆዴ ባባ» የሚለውን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ብታዞሪው አምቡላንስ ነው የሚጠሩልሽ።

ኢንተርኔት ላይ «500 የእንግሊዝኛ ፈሊጦች» እያሉ የሚለጥፉትን ዝርዝር ተዪው። የእኔ አስተያየት ነው፣ ግን አጥብቄ ነው የምለው። ዝናብ በኃይል ሲጥል «ድመትና ውሻ ዘነበ» የሚል ሰው ሥራ ቦታ አይገጥምሽም። የሚገጥምሽ ይሄ ነው። ሱቅ ውስጥ «ዩ ኦል ሴት?» ይሉሻል፤ ጨርሰሻል፣ ሌላ የምትፈልጊው አለ ወይ ነው። ቦስተን ባለበት በኒው ኢንግላንድ አካባቢ ቀኑን ሙሉ ትሰሚዋለሽ። ምግብ ሲያቀርቡልሽ «አይም ጉድ» ካልሽ አልፈልግም፣ ይበቃኛል ማለት ነው፤ ስለ ጤናሽ አይደለም። ይሄን ሳያውቁ ቡና ላፍላልሽ ሲባሉ «ጉድ!» ብለው ሳይጠጡ የሚቀሩ አበሾች ሞልተዋል። አለቃሽ «ካን ዩ ፒክ አፕ ኤ ሺፍት?» ካለሽ ተጨማሪ ፈረቃ ትሠሪያለሽ ወይ እያለሽ ነው። እገሊት «ኮልድ አውት» ከተባለ ደውላ አልመጣም ብላለች፤ ስለዚህ ሥራው አንቺ ላይ ይወድቃል። «ሄድስ አፕ» ሲሉሽ ቀና አትበዪ፤ ቀድመሽ እወቂ፣ ተጠንቀቂ ነው። «ሌትስ ኮል ኢት ኤ ዴይ» ከሁሉም ደስ የሚለው ነው፤ ለዛሬ ይብቃን።

(በነገራችን ላይ ቦስተን ውስጥ «ረጉላር ኮፊ» ብለሽ ብታዢ ክሬምና ስኳር ገብቶበት ይመጣል። የቡና አገር ሰው ነሽና ቀድሜ ልንገርሽ።)

ደብተር ያዢ፤ ግን በፊደል ተራ አትጻፊበት። በቦታ ክፈይው። አንድ ገጽ ለአውቶቡስና ባቡር፣ አንድ ገጽ ለሥራ፣ አንድ ገጽ ለሐኪም ቤት፣ አንድ ገጽ ለቤት ኪራይና ለቧንቧ ብልሽት። የሰማሽውን ዓረፍተ ነገር ሙሉውን ጻፊ፤ ከጎኑ ማን ለማን እንዳለውና ምን ሲሆን እንዳለው። የአማርኛ ፍቺውን ባትጽፊውም ግድ የለም፤ ሁኔታውን ካስታወስሽ ፍቺው አብሮ ይመጣል።

ለምሳሌ «ጌት ኦፍ» የሚለውን ውሰጂ። ባቡር ላይ «አይ ጌት ኦፍ አት ፓርክ ስትሪት» ያለሽ ሰው እዚያ ፌርማታ ይወርዳል። ሥራ ቦታ «ዋት ታይም ዱ ዩ ጌት ኦፍ?» ካለሽ ደግሞ ስንት ሰዓት ትወጫለሽ ማለቱ ነው። በመዝገበ ቃላት ብትሄጂ ብዙ ፍቺ ተደርድሮ ታገኚና ደብተሩን ዘግተሽ ትተኛለሽ። በቦታ ከጻፍሽው ግን ሁለት የተለያዩ ገጾች ላይ ያሉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ አይምታቱብሽም።

መዝገበ ቃላት ከተጠቀምሽ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ የሆነውን፣ ለተማሪ የተዘጋጀውን ያዢ። ሎንግማን ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ። ቃሉን ሁሉ የሚፈታው 2,000 ገደማ በሆኑ ቀላል ቃላት ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንዱን ቃል ለመረዳት አምስት ሌላ ቃል አትፈልጊም። የእሷ የስልክ አፕ በፖርቱጋልኛ እያብራራ ያስተምራታል፤ በአማርኛ እንደዚያ በደንብ የተሠራ እኔ አላየሁም፣ ግን አትቅኚባት።

የማይገባሽን ጠይቂ፤ ግን ሰዓቱን ምረጪ። ምሳ ሰዓት ላይ ትዕዛዝ ሲደራረብ «ዋት ዳዝ ዛት ሚን?» ብትዪ የሚመልስልሽ የለም። እረፍት ላይ ነባር ሠራተኛ ፈልጊ፤ በተለይ በዕድሜ ገፋ ያሉት እናቶች ማስረዳት ይወዳሉ። አዲስ ፈሊጥ ስትሰሚ ደግሞ ቶሎ አትድገሚው። መጀመሪያ ሌላ ሰው ሲለው ደጋግመሽ ስሚ፤ ማን ፊት እንደሚባልና ማን ፊት እንደማይባል እይ። ኪችን ውስጥ የሚሰማው ግማሹ ስድብ ነው። እሱን ይዘሽ ሐኪም ቤት ብትሄጂ ጉድ ነው የሚፈላው።

የመስማት ችግር ያልሽውም አለ። ቃላቱን ታውቂያቸዋለሽ፤ እነሱ ግን አጣብቀው ነው የሚናገሩት። «ዋት አር ዩ ጎይንግ ቱ ዱ» የሚለው ጆሮሽ ላይ ሲደርስ «ወችያ ገና ዱ» ሆኗል። ፊልም ስታዪ የአማርኛውን ትርጉም አጥፊና የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ አብሪ፤ ዓይንሽ የሚያየውና ጆሮሽ የሚሰማው እንዴት እንደሚለያይ ትታዘቢያለሽ። አንድ አጭር ክፍል መልሰሽ መላልሰሽ ብታዪ አዲስ ሦስት ከማየት ይሻላል። አነጋገር ላይ ደግሞ ሁለታችሁም አንድ ልማድ አለባችሁ፤ እኛ «እስትሪት»፣ እነሱ «ኢስትሪቺ» እንላለን። እሷ መጨረሻውንም ትጨምርበታለች፤ «ሆት ዶግ»ን «ሆቺ ዶጊ» ትልሻለች። ብዙ አትጨነቁበት፤ ሰው ይገባዋል።

የቦስተን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነጻ የእንግሊዝኛ የውይይት ቡድኖች አሉት። ሄደሽ ተቀመጪ። ክፍል ውስጥ ከምትማሪው ይልቅ እዚያ ወሬው የኑሮ ነው።

«ቤት ውስጥ እርስ በርስ በእንግሊዝኛ ብናወራ ስህተት አንማማርም ወይ?» ላልሽው፣ አይመስለኝም። ስህተታችሁ ይለያያል። አንቺ «ቲቪውን ክፈቺ» ብለሽ «ኦፕን ዘ ቲቪ» ስትዪ እሷ ወዲያው ትነቃብሻለች፤ በእነሱ ቲቪ አይከፈትማ። እሷ «ፕሪቴንድ» ስትል ደግሞ አንቺ ትነቂባታለሽ። እራት ስትሠሩ ጀምሩት። እሷ ፌጆዋዳዋን (የቦሎቄ ወጧን)፣ አንቺ ሽሮሽን ስትጥዱ እጃችሁ የሚሠራውን አፋችሁ ይናገር፤ «ቾፕ አፕ ዚ ኦኒየን»፣ «ተርን ዳውን ዘ ሂት»፣ «ዊ ራን አውት ኦፍ ኦይል»። ዘይቱ ባለቀ ቁጥር «ራን አውት»ን ትደግሚዋለሽ፤ ዘይት ደግሞ በእኛ ቤት ቶሎ ነው የሚያልቀው። ክፍል ውስጥ የሚሰጣችሁን ረጅም ጽሑፍ ግን ሳታፍሪ እሷን ጠይቂ። በ«ሽን» የሚያልቀውን ቃል ሁሉ ለእሷ ተዪላት፤ አንቺ ደግሞ የሥራ ቦታውን ደብተርሽን አሳዪያት።