ከፓሪስ የመጣው የካናል ፕሉስ ዲኮደር ለምን ባሕር ዳር ላይ አልሠራም?

እህትዎ ከፓሪስ የላኩልዎት የካናል ፕሉስ (በክፍያ የሚታይ የፈረንሳይ ቴሌቪዥን) ዲኮደር ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ባለው ቤትዎ ለምን እንደማይሠራ ጠይቀውኛል። ዲኮደሩ «ሲግናል የለም» የሚለው ተበላሽቶ አይደለም። የፈረንሳዩ ካናል ፕሉስ የሚሠራጨው በ19.2 ዲግሪ ምሥራቅ ከሚገኙት የአስትራ ሳተላይቶች ሲሆን፣ ጨረሩ አውሮፓ ላይ ያነጣጠረ በመሆኑ ጣና ዳር ሆነው ዲሹን የቱንም ያህል ቢያዞሩት አያገኙትም። ስለዚህ ዲሹን ኢትዮሳት ወደሚገኝበት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ይመልሱት፤ ቢያንስ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች አይቅሩብዎት።

«ያለ ክፍያ የሚታይ ሰዓት አለው ሲባል ሰምቻለሁ» ያሉት እውነትነት አለው። ጣቢያው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1984 ሥራ ሲጀምር የፈረንሳይ አራተኛው ብሔራዊ ጣቢያና የመጀመሪያው በክፍያ የሚታይ ጣቢያ ነበር፤ አዳዲስ ፊልሞችንና የቀጥታ እግር ኳስን በምስጢር ኮድ ዘግቶ ለደንበኞቹ ብቻ ሲያሳይ፣ አንዳንድ ዝግጅቶቹን ግን አዲስ ደንበኛ ለመሳብ ለሁሉም ክፍት ያደርግ ነበር። ይሁን እንጂ ክፍቱም ቢሆን ሲግናሉ ካልደረሰ አይታይም።

አንድ ነገር ልጠንቅቅዎ። «ትልቅ ዲሽና ጠንካራ ኤልኤንቢ (ዲሹ ላይ የሚገጠመው ሲግናል መቀበያ) ከገዛህ ይይዛል» ያለኝን አንድ ባለሙያ አምኜ ገዝቼ፣ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ጣሪያ ላይ ውለን አንድም ጣቢያ አላገኘንም። ዲሹ ዛሬ ግቢ ውስጥ በርበሬ ማስጫ ሆኗል። እንዲህ የሚልዎት ሰው ቢመጣ፣ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ጣቢያው የሰፈርዎ ሰው ቤት ሲሠራ ያሳይዎት።