የአማቴ ቡላ ገንፎ ብቻ ሆኖ ቀረ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ አማቴ ከይርጋለም ሰው በመጣ ቁጥር ቡላ በኮባ ጠቅልለው ይልኩልኛል። እኔ የማውቀው ገንፎ ብቻ ነው፤ እሱም ይጓጉልብኛል። ልጆቹ ደግሞ ሰልችቷቸዋል። ሌላ ምን ይሠራበታል?
(ከሐዋሳ፣ ታቦር)

መልስ፦ ቡላ ደጇ ድረስ የሚመጣላት ሴት ታማርራለች? አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ ይህን እንዳያነቡ።

መጀመሪያ ገንፎውን እናስተካክል። ቡላ የእንሰት ስታርች ነው፤ የተፋቀው እንሰት ሲጨመቅ ከሚወጣው ውሃ ሥር የሚዘቅጠው ነጩ። የፈላ ውሃ ሲነካው ውጪው ቶሎ ይበስልና ውስጡን ጥሬ እንደሆነ ይዘጋዋል። የሚጓጉለው ለዚህ ነው። እናቴ በቀዝቃዛ ወተት በጥብጣ፣ በወንፊት አሳልፋ፣ ከዚያ ጥዳ እጇን ሳታነሳ ታማስለው ነበር። ነጭነቱ ጠፍቶ ብርሃን ማሳለፍ ሲጀምር በስሏል። ቅቤው የዚያን ጊዜ ይገባል።

አሁን ወደ ሾርባው። ቻይናዎች ሾርባ የሚያወፍሩት በበቆሎ ስታርች ነው። ቡላም ያንኑ ሥራ ይሠራል። አንቺ ደግሞ ያለሽው ዓሣ አገር ነው። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቆሮሶ ስትገዢ ፊሌቶውን ብቻ ይዘሽ አትሂጂ፤ ጭንቅላቱንና አጥንቱንም ውሰጂ። ስንጥቡን አስወጪው፣ ያመርራል። በ1 ሊትር ውሃ፣ በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት 25 ደቂቃ ቀቅለሽ አጥልዪው። 3 የሾርባ ማንኪያ ቡላ በአንድ ሲኒ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪና እያማሰልሽ ጨምሪ። ያንቺው እርጥብ ስለሆነ ማንኪያውን ሞላ አድርጊው። ሲወፍር እሳቱን ቀንሺ፤ 2 የተመታ እንቁላል በቀጭኑ አንቆርቁሪበት። ክር ክር ይሠራል፤ ልጆች የሚወዱት ይሄንን ነው። ለአዋቂ ቃሪያና ሎሚ። ሶያ ሶስ ካለሽ ጠብ አድርጊ፤ ከሌለሽ ለሱ ብለሽ ሱፐርማርኬት አትሂጂ።

ለቁርስ ደግሞ 4 የሾርባ ማንኪያ ቡላ፣ 2 እንቁላል፣ ግማሽ ብርጭቆ ወተትና ጨው መትተሽ በማይዝ መጥበሻ ስስ አድርገሽ ጋግሪ። ቡላው ሥር ስለሚዘቅጥ ከእያንዳንዱ በፊት አማስዪው። ብራዚሎች ከካሳቫ ስታርች ታፒዮካ የሚሉትን ቂጣ ጋግረው አይብ ይሸጉጡበታል። ያንቺው ከነሱ በእንቁላሉ ይለያል፣ አይቡ ግን ያው ነው። ጎመንም ጨምሪበት።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ያለኝ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። እንቁላል ፍርፍር ታከተኝ።
(ከሐዋሳ)

መልስ፦ እንግዲያው አትፈርፍረው። ቲማቲም፣ ሽንኩርትና በርበሬ አድርገህ ስልስ ሥራ። ዘይት አትሰስት። ወፈር ሲል በማንኪያ ጎድጎድ አድርግና እንቁላሉን ሳትበጠብጥ ስበርበት፤ ክደነው። ነጩ ሲረጋ አውርድ፣ አለዚያ አስኳሉ ይጠነክርብሃል። ቱኒዚያዎች ሻክሹካ ይሉታል፤ እነሱ ከሙን ይጨምሩበታል፣ አንተ ካገኘህ። የሚበላው በዳቦ ነው፣ ከነመጥበሻው። የሚታጠብ ሳህንም አይኖርህም።