ቀጥ ያለ ፕሮሰስ ሁሉ አልሞተም

በአይቲ ሙያ ገና ለጀመራችሁ ልጆች፣

የሲስተም አፕግሬድ ማግስት ምን እንደሚመስል ሳታውቁት አትቀሩም። ስልኩ አያርፍም። «ኮምፒዩተሬ ተንቀራፈፈ»፣ «ፋኑ ይጮኻል»፣ «ከጀርባ የሆነ ነገር ስታክ አድርጓል»። ያን ጊዜ የጀማሪ እጅ ወይ ፕሮሰሱን (እየሠራ ያለውን ፕሮግራም) ኪል ወደ ማድረግ፣ ማለትም በግድ ወደ መዝጋት ነው የሚሮጠው፣ ወይ «ፎርማት እናድርገው» ወደ ማለት። ሁለቱም አንዳንዴ ይሠራሉ፤ ክፋታቸውም እዚያ ላይ ነው። ችግሩ ለጊዜው ይጠፋል፣ እናንተም ምክንያቱን ሳታውቁ ትቀራላችሁ፣ ከዚያ ያው ሰው መልሶ ይደውላል።

ከመንካታችሁ በፊት ይህችን ጠይቁ፦ ይህ ፕሮሰስ ምን እየጠበቀ ነው?

«ኖት ሪስፖንዲንግ» የሚለውን ጽሑፍ እንደ መርዶ አትስሙት። ዊንዶውስ እንዲህ የሚለው መስኮት ያለው ፕሮግራም ለ5 ሰከንድ ያህል የተላከለትን መልእክት ሳያነሳ ሲቀር ነው። ትልቅ ፋይል እያነበበ ሊሆን ይችላል። ከጀርባ የሚሠራው ሰርቪስ ደግሞ ጭራሽ መስኮት የለውም። ስለዚህ ቀጥ ብሎ እያለ ታስክ ማናጀር «ራኒንግ» እያለ ሊያልፈው ይችላል። ከጽሑፉ ይልቅ ሲፒዩውንና ዲስኩን እዩ።

ሁለቱም እየተንቀሳቀሱ ከሆነ ሥራ ላይ ነው። አፕግሬድ ካለፈ በኋላ ሲስተሙ የራሱ የቤት ሥራ አለው። ዊንዶውስ የፍለጋ ኢንዴክሱን እንደገና ሊሠራና የዶት ኔት (ብዙ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች የሚደገፉበት መሠረት) ፋይሎችን እንደ አዲስ ሊያዘጋጅ ይችላል። ማክ ላይ ስፖትላይት የሚባለው የፍለጋ መሣሪያ ፋይሎቻችሁን አንድ በአንድ ያገላብጣል፣ የፎቶ አልበሙንም የሚመረምር አለ። እነዚህን ኪል ብታደርጓቸው ተመልሰው ይነሳሉ፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ነው ነገሩ። ለባለቤቱ «ቻርጀር ላይ ሰክተህ አሳድረው» በሉት። አለቃ ከኋላ ቆሞ ሲያይ ይህን ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን መልሱ እሱ ከሆነ እሱ ነው።

ሲፒዩው ዜሮ ላይ ቁጭ ካለ ነገሩ ይለያል። አንድ ነገር እየጠበቀ ነው፦ የተቆለፈ ፋይል፣ መልስ ያልሰጠ ኔትወርክ፣ ከአፕግሬዱ በኋላ እንደገና መፈቀድ ያለበት ፈቃድ፣ ወይም ሌላ ሰርቪስ። ዊንዶውስ ላይ ብዙ ሰው የማይነካት አንዲት መሣሪያ አለች። ታስክ ማናጀር ውስጥ «ዲቴይልስ» የሚለው ገጽ ላይ ፕሮሰሱን በቀኝ ክሊክ አድርጉና «አናላይዝ ዌይት ቼይን» የምትለዋን ምረጡ። ማን ማንን እየጠበቀ እንደሆነ በሰንሰለት ታሳያችኋለች። ሁሉንም አትነግራችሁም፤ ስትነግራችሁ ግን ብዙ ድካም ታተርፋላችሁ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሁላችሁም የምትረግሙት ፕሮግራም ሳይሆን ከእሱ ጀርባ ያለው ይሆናል። ማክ ላይ አክቲቪቲ ሞኒተር (የማክ ታስክ ማናጀር) ውስጥ ያለው «ሳምፕል» ፕሮሰሱ የትኛው ሥራ ላይ እንደቆመ ይጠቁማችኋል።

ሊኑክስ ላይ ደግሞ ኪል -9 (ፕሮሰስን በግድ የሚገድለው ትእዛዝ) የማይበግረው ፕሮሰስ ይገጥማችኋል። በፕሮሰሶች ዝርዝር ላይ የሁኔታው ፊደል «ዲ» ከሆነ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ገብቶ የዲስክን ወይም የኔትወርክ ስቶሬጅን መልስ እየጠበቀ ነው። ከዚያ እስኪወጣ ምልክታችሁ አይደርሰውም። ደጋግማችሁ አትደብድቡት፣ ዲስኩን ፈትሹ። በሌላም ጊዜ ቢሆን ምልክት ቁጥር 9ን አታስቀድሙ። ምልክት ቁጥር 15 ፕሮሰሱ ሥራውን ሰብስቦ እንዲወጣ ዕድል ይሰጠዋል፣ 9 አይሰጠውም። ዳታቤዝ ላይ ልዩነቱ ይታያችኋል።

ከሁሉም አሳሳቹ እየሞተ የሚነሳው ነው። ስታዩት ቀጥ ያለ ይመስላል። የፕሮሰስ ቁጥሩን፣ ፒአይዲውን፣ ለአንድ ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ቅድም 4112 የነበረው 4127 ሆነ፣ ትንሽ ቆይቶ 4139። ስሙ ያው ነው፣ ፕሮሰሱ ግን ሌላ ነው። ማክ ላይ ይህ በየ10 ሰከንዱ አካባቢ ሲደጋገም ካያችሁ ሲስተሙ የወደቀውን ፕሮግራም ለማስነሳት እየታገለ ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የድሮ ሶፍትዌር ቅሪት ነው። ማስነሻ ፋይሉ «ላይብረሪ» የሚባለው ፎልደር ውስጥ ቀርቷል፣ ፕሮግራሙ ግን ወይ ተሰርዟል ወይ ከአዲሱ ሲስተም ጋር አይስማማም። በ2019 ማክኦኤስ ካታሊና የ32 ቢት ፕሮግራሞችን ሲያቆም ስንቱ ነገር በአንድ ጊዜ ሥራ ፈቷል። መድኃኒቱ ፕሮግራሙን ማሻሻል ወይም በራሱ ማራገፊያ ከሥሩ ማውጣት ነው። ከ2022ቱ ቬንቹራ ወዲህ ከጀርባ የሚነሱት ሴቲንግ ውስጥ፣ «ሎግኢን አይተምስ» ሥር ተዘርዝረው ስለሚታዩ ፍለጋው ቀሏል።

ተጠርጣሪ ከጠፋባችሁ እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው አንቲቫይረስ፣ ቪፒኤንና የፋይል ማመሳሰያ ነው። ሲስተሙ ውስጥ ጠልቀው ስለሚገቡ ሲስተሙ ሲቀየር ቀድመው የሚነጫነጩት እነሱ ናቸው። ግን በግምት አትፍረዱ። ዊንዶውስ ላይ የብልሽቶችን ታሪክ በየቀኑ የሚያሳየውን «ሪላያቢሊቲ ሞኒተር»ን ክፈቱና ቀዩ ኤክስ ከየትኛው ቀን እንደጀመረ እዩ። ከአፕግሬዱ በፊት ከጀመረ አፕግሬዱ ንጹሕ ነው።

ሪስታርት አድርጉ የሚለውን የድሮ ምክር አትናቁት። አፕግሬድ ሲደረግ እየሠራ የነበረ ሰርቪስ እንደገና እስኪነሳ የድሮውን ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩትን የኮድ ፋይል) ይዞ ሊቆይ ይችላል። ዊንዶውስ ላይ «ሻት ዳውን» አድርጎ ማብራት ግን ሪስታርት አይደለም። «ፋስት ስታርታፕ» በርቶ ከሆነ የከርነሉ ሁኔታ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ይመለሳል። «አጥፍቼ አብርቼዋለሁ» ሲሏችሁ የትኛውን እንደነኩ ጠይቁ።

ምርመራ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ቀኑን ቁጠሩ። ዊንዶውስ ወደ ቀድሞው እንድትመለሱ የሚፈቅደው አብዛኛውን ጊዜ ለ10 ቀን ነው። ከዚያ የድሮው ሲስተም ፋይል ይጠፋል። በ7ኛው ቀን ምክንያቱን ካላገኛችሁ፣ ባለቤቱም ሥራ ከፈታ፣ ባክአፕ ውሰዱና መልሱለት። ምርመራውን በሌላ ማሽን ላይ ትቀጥላላችሁ።