ላዩ ደርቆ ታቹ የሚሸት የቴራሪየም አፈር

አንዲት የደሴ አንባቢ ከጓሯቸው በቆፈሩት ጥቁር አፈር ላይ ፈርንና ፊቶኒያ ተክለው ክዳን ባለው የመስታወት ዕቃ (ቴራሪየም) ውስጥ ማስቀመጣቸውን፣ የአፈሩ ገጽ በተሰነጠቀ ቁጥር ውኃ ቢጨምሩም ቅጠሉ እየገረጣ መሄዱንና ከሥር መጥፎ ሽታ መምጣቱን ገልጸው መፍትሔ ጠይቀዋል።

እመቤቴ፣ ተክልዎ የተጎዳው በውኃ ጥም አይደለም። እንዲህ ያለው ጥቁር ሸክላማ አፈር፣ መረሬ የሚባለው፣ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ላዩ ተሰነጣጥቆ እያዩት ታቹ ገና ጭቃ ሊሆን ይችላል። የአፈሩ ቅንጣቶች እጅግ ደቃቅ በመሆናቸው ውኃውን አጥብቀው ይይዛሉ፤ ለአየር የሚቀር ክፍተት ስለማይኖር ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል፣ ሽታውም የሚመጣው ያለ አየር ከሚባዙ ባክቴሪያዎች ነው። ለማረጋገጥ ደረቅ የእንጨት ስንጥር እስከ ታች ሰክተው ጥቂት ቆይተው ያውጡት፤ ጭቃ ይዞ ከወጣ ውኃ መጨመሩን ያቁሙ።

ብዙዎች ከሥር ጠጠር ማንጠፍ ይበቃል ብለው ያምናሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ዕቃው ቀዳዳ ስለሌለው ውኃው መውጫ የለውም፤ ደቃቅ አፈርም ውኃውን ወደ ጠጠሩ በቀላሉ አይለቅም። መለወጥ ያለበት አፈሩ ራሱ ነው። ተክሎቹን ነቅለው የጠቆረውንና የላመውን ሥር በንጹሕ መቀስ ይቁረጡ፣ ዕቃውንም በሳሙና አጥበው ያድርቁ። ከዚያም በደንብ የበሰለ ብስባሽ፣ ደለሉ እስኪወጣ የታጠበ ሻካራ የወንዝ አሸዋና የተሰባበረ ከሰል በእኩል መጠን በሚገባ አዋሕደው ይትከሉበት። ድብልቁ በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን ይዞ ውኃ ካላንጠባጠበ እርጥበቱ ልክ ነው።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት መስታወቱ ላይ ጤዛ ቢያዩ አይደንግጡ። ረፋዱ ላይ ከጠፋ ደህና ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከቆየ ግን ክዳኑን ለጥቂት ሰዓታት ይክፈቱ። ሞቅ በሚለው ኮምቦልቻ ለሚኖሩ ደግሞ ዋናው ጥንቃቄ ዕቃውን ቀጥተኛ ፀሐይ ከሚያገኘው መስኮት ማራቅ ነው፤ የተዘጋ መስታወት በፍጥነት ይግላልና። ተክሉ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ማዳበሪያ አይጨምሩበት።